ፓምፗ አልነፋ አለች፦ ለኮርሳና ለረጅም መንገድ የምትያዝ ትንሽ ፓምፕ ችግርና መፍትሔ

ወደኔ የሚመጣው ሰው ሁሉ "ፓምፑ ተበላሽቷል" ነው የሚለው። ተቀብዬ አፉን በአውራ ጣቴ ደፍኜ አንዴ እገፋዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ጣቴን ገፍትሮ ያስለቅቀኛል። ፓምፑ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የታመመው ሌላ ቦታ ነው።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ብስክሌት መጠገን ከጀመርኩ ቆየሁ። ድሮ እኔም ኮርሳ፣ ቀጭን ጎማ ያለውን የውድድር ብስክሌት፣ እነዳ ነበር። ዛሬ አዘዞ ወርዶ ያችን ዳገት መመለስ ሲታሰበኝ ጉልበቴ ቀድሞ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ የሰው እጠግናለሁ። ይህን የምጽፈው ያንኑ ወሬ በየሳምንቱ ከመድገም ብዬ ነው። ቤት ውስጥ በእግር ተረግጦ ስለሚነፋው ትልቅ ፓምፕ አላወራም። ኪስ ወይም ፍሬም ላይ ስለምትያዘው ትንሿ ነው። ጎማው ላይ እሾህ መፈለግ፣ ካላማዳሪውን (የውስጠኛውን ጎማ) ውሃ ውስጥ መንከር፣ እነዚህን ታውቃላችሁ ብዬ ዘልያለሁ።

ምልክት፦ እገፋለሁ፣ እገፋለሁ፣ ጎማው ንቅንቅ አይልም

ቀጭኑ ቫልቭ፣ ፕሬስታ የሚባለው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ዳዶ አለው። ሳይፈታ አየር አይገባም። ፈትታችሁ እንኳን ከሆነ መሀሉ ያለው ቀጭን ፒን ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ከመንፋታችሁ በፊት በጣታችሁ አንዴ ተጫኑት፤ "ጢስ" ካለ ተላቋል። በቃ፣ ግማሹ ችግር እዚህ አለቀ።

ሁለተኛው የፓምፑ አፍ ነው። አንዳንዱ ፓምፕ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ አንዱ ለቀጭኑ፣ አንዱ ለወፍራሙ የመኪና ቫልቭ። አንዳንዱ ግን ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) እየተገለበጠ ለሁለቱም ይሠራል። ወፍራም ቫልቭ ያለው ማውንቴን ብስክሌት የሚነዳ ጓደኛችሁ ትናንት ተውሶት ከነበረ ጎሚኒው ዛሬ ተገልብጧል። አፉን ፍቱ፣ ጎሚኒውንና አብሮት ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ አዙሩ፣ መልሳችሁ እሰሩ። ስትፈቱ ታዲያ መሬት ላይ አይሁን። ያቺ ፕላስቲክ አቧራ ውስጥ ከገባች ደህና ሁኚ በሏት።

የድሮው የቻይና ብስክሌት ቫልቭ፣ ውስጡ ቀጭን የጎማ ቱቦ የሚለብሰው፣ በቀጭኑ ቀዳዳ ይነፋል። አየር አልይዝ ካለ ያቺ ቱቦ ደርቃ ተሰነጣጥቃ ነው። ቀይሯት።

ምልክት፦ አዲስ ካላማዳሪ፣ አንዴ ነፋሁት፣ በቫልቩ ሥር ይተነፍሳል

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። በዓመት ከማያቸው ካላማዳሪዎች እሾህ ካበላሸው ይልቅ ፓምፕ የገደለው ይበልጥብኛል ብል አላጋነንኩም።

አንድ ልጅ ነበር፣ ውድድር የጀመረ፣ እግሩ የሚያስቀና። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስቱም ጊዜ ካላማዳሪው የተቀደደው እዚያው ቦታ ነው፣ ቫልቩ ከጎማው ጋር የሚገናኝበት ሥሩ ላይ።

"ጋሼ፣ ዕቃው ነው እንጂ እኔ ምንም አላደረኩትም" ይለኛል።

"እስቲ ፓምፕህን አምጣው" አልኩት።

አመጣ። አጭር፣ የምታብረቀርቅ፣ ቱቦ የሌላት። አፏ ቀጥታ ቫልቩ ላይ ነው የሚገባው። "እስቲ እያየሁህ ንፋ" አልኩት። ቸርኬውን ግድግዳ አስደግፎ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ግፊቶች ደህና ነበሩ። ከዚያ አየሩ እየጠነከረ ሲመጣ ክንዱ ብቻ አልበቃ አለው፣ ትከሻውም ወገቡም አብሮ ይገፋ ጀመር። ቫልቩን ተመልከት አልኩት። እንደ ላላ ጥርስ ወዲያና ወዲህ ይላል። በእያንዳንዱ ግፊት የነሐሱ ዘንግ የቸርኬውን ቀዳዳ ጠርዝ ይመታል፣ ሥሩ ላይ ያለው ስስ ጎማ ደግሞ ይሳባል። ሁለት መቶ ጊዜ እንዲህ ከተደረገ ምን ይቀራል? ልጁ ዝም አለ። ፓምፑን አየው፣ ቫልቩን አየው፣ እኔን አየኝ።

እዚያ ቦታ የተቀደደ ካላማዳሪ አይለጠፍም። ማስቲሽ ብታፈሱበትም አይይዝም፤ መለጠፊያው ዘንጉን ዞሮ መተኛት አይችልም። ይጣላል። ብራችሁ ነው የሚጣለው።

እኔም አልተረፍኩም። ኮሶዬ ዳገት ላይ፣ ከከተማው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ፣ እንዲህ ባለች ደረቅ ፓምፕ ስታገል የፕሬስታውን ፒን አጠፍኩት። ላቃናው ስል ቀጨው አለ። መለዋወጫ አልያዝኩም። ብስክሌቱን የባጃጅ ወንበር ላይ ጭኜ እግሬን በመስኮት አውጥቼ ነው ጎንደር የገባሁት። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ሳቀ። (የታጠፈ ፒን በፒንሳ ቀስ ተብሎ አንዴ ይቃናል። ሁለተኛ ይሰበራል።)

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቱቦ ያላት ፓምፕ ግዙ። ከአፏ የምትወጣ ወይ ከውስጧ የምትመዘዝ፣ አንድ ጣት ተኩል የምታህል ሳይሆን ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር የሆነች ተጣጣፊ ቱቦ። እጃችሁ ሲወዛወዝ የምትወዛወዘው ቱቦዋ ናት፣ ቫልቩ አይደለም። ስለ ቀለም፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ካርቦን አትጠይቁኝ። ስለ ቱቦው ብቻ ጠይቁ።

ቱቦ የሌላትን የግድ ከያዛችሁ ግራ እጃችሁን ፓምፕ ያዥ ሳይሆን ምሰሶ አድርጉት። አውራ ጣት በጎማው ጀርባ ይዙር፣ ሌሎቹ ጣቶች በራጆቹ (በቸርኬው ሽቦዎች) መሀል ገብተው የፓምፑን አፍ ከቸርኬው ጋር አንድ ላይ ይጨብጡ። የሚንቀሳቀሰው ቀኝ እጅ ብቻ ይሁን። ሲደክማችሁ አቁሙ። ማንም አላባረራችሁም፤ ካባረራችሁም አምልጧችኋል።

ሥሩ የሚቀደድበት ሌላም ሰበብ አለ። ቀጭኑ ቫልቭ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው፣ የመኪናው ስምንት። ለመኪና ቫልቭ በተበሳ ቸርኬ ላይ ቀጭኑን ብታስገቡ ቀዳዳው ይሰፋዋል፣ ዘንጉ ይዋልላል፣ ጠርዙ ይቆርጠዋል። ከአሮጌ ካላማዳሪ ሳንቲም የምታህል ክብ ቁረጡ፣ መሀሏን ብሱ፣ እስከ ሥሩ ድረስ አልብሱት። ነጻ ነው፣ ይሠራል።

ተቃራኒውን ግን አታድርጉ። አንድ ሰውዬ ወፍራሙን ካላማዳሪ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የኮርሳውን ቀጭን ቸርኬ በድሪል አሰፍቶ መጣልኝ። ያን ያክል ውድ ቸርኬ! ቀዳዳውን ባሰፋችሁት መጠን ብረቱ ይደክማል። ኮብል ስቶን ላይ ተሰንጥቆ ቢጥላችሁ እኔ የለሁበትም።

ቫልቩ ላይ የምትታሰረውን ክብ ዳዶም በፒንሳ የሚያጠብቅ አለ። በፒንሳ! ዘንጉን ከሥሩ ነቅላ ታወጣዋለች። በጣት ብቻ፣ ያውም ልል አድርጋችሁ። ባትኖርም ግድ የለም።

ምልክት፦ ነፍቼ ጨርሼ ቱቦውን ስፈታ አየሩ በሙሉ ወጣ

ቱቦ ግዙ ካልኩ በኋላ ይሄ መምጣቱ አይቀርም። በመጠምዘዝ የሚታሰር ቱቦ ሲፈታ አንዳንድ ፕሬስታ ላይ የቫልቩን ውስጠኛ ክፍል ይዞት ይወጣል። ሁለት መቶ ጊዜ ገፍታችሁ ያገኛችሁት አየር በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል። ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ።

የቫልቩን ጫፍ እዩት። ጎንና ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ውስጡ የሚፈታ ዓይነት ነው። ቤት ሳላችሁ በትንሽ ፒንሳ ያዝ አድርጋችሁ አጥብቁት። መንገድ ላይ ከሆነ ቱቦውን ስታስሩ በኃይል አታጥብቁ። ትንሽ ሲያፈስ አንድ ሩብ ዙር ጨምሩ፣ ሲተው እዚያው ተዉት።

በነገራችን ላይ ስትፈቱ የምትሰሙት "ጢስስ" ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ነው እንጂ የጎማው አይደለም። ደንግጣችሁ መልሳችሁ አትሰሩት።

ምልክት፦ ክንዴ ዛለ፣ ጎማው ግን ገና ለስላሳ ነው

እዚህ ላይ ፓምፑ አልተበላሸም፤ የተገዛው ለሌላ ጎማ ነው።

ቀጭን ሆድ ያላት ፓምፕ በአንድ ግፊት ጥቂት አየር ትሰጣለች፣ ግን እስከ መጨረሻው ትገፋላችሁ። ሰፊ ሆድ ያላት ብዙ ትሰጣለች፣ ግን ሲጠነክር እምቢ ትላለች። ሒሳቡ ይኸውና። የውስጥ ስፋቷ ሃያ ሚሊ ሜትር የሆነችውን 90 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ ነው) ላይ ለመግፋት ወደ 20 ኪሎ ጉልበት ይጠይቃል። ሠላሳ ሚሊ ሜትር ከሆነች ወደ 45 ኪሎ። ግማሽ ኩንታል ጤፍ በአንድ ክንድ እንደመግፋት ነው። ስለዚህ ለኮርሳ ቀጭኗን፣ ለማውንቴን ሰፊዋን። የማውንቴን ጎማ በቀጭኗ ብትነፉ እዚህ አገር ከ200 ግፊት በላይ ነው፣ ለአንድ ጎማ።

"እዚህ አገር" ያልኩት በምክንያት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ወደ 77 በመቶ ነው። ፓምፗ በእያንዳንዱ ግፊት የምትስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። ማሸጊያው ላይ "150 ግፊት ይበቃል" ከተባለ የለካው ሰው ቆላ ነበር። ጎንደር ላይ 195 አካባቢ በሉት። ከዚያም ከፍ በምትለው ደባርቅ ላይ ከ210 ያልፋል። አንድ በመተማ በኩል ገብቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ ፈረንጅ ብስክሌተኛ "ፓምፔ ጎንደር ስደርስ ደከመ" ብሎኝ ነበር። ፓምፑ አልደከመም፤ አንተ ነህ ዳገቱን የወጣኸው አልኩት።

ደግሞ 120 ፒኤስአይ የምትሉ ልጆች፣ ማን ነው ያስተማራችሁ? ለ25 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ እኔ ከ85 እስከ 90 ነው የምነፋው። በእኛ ኮብል ስቶን ላይ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጎማ ይዘላል እንጂ አይሮጥም።

ምልክት፦ መያዣው ወደ ውስጥ ያለ ምንም ትግል ይገባል

ውስጥ ያለው የፒስተን ጎሚኒ ደርቋል ወይም አቧራ በልቶታል። ፓምፑን ከመጠጫው ጠርሙስ አጠገብ አሥሮ በጋውን በሙሉ የዳባትን አቧራ የሚያስውጣት ሰው አለ፤ ከዚያ ክረምት ሲመጣ ጭቃ ያጠጣታል። ፍቷት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጓት፣ ሲሊኮን ግራሶ ቀቧት። የሞተር ዘይት አይሆንም። ቫዝሊንም አይሆንም። አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ከሳምንት በኋላ ፒስተኑ አይገባም አይወጣም። ናፍታ የነከራትም አጋጥሞኛል። ምን ልበለው?

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም

ከፓምፗ ላይ ያለችው ትንሽ የግፊት ሰዓት ትዋሻለች፤ ለግምት እንጂ ለሒሳብ አትሆንም። ቸርኬው ወፍራም ከሆነ ቫልቩ አጥሮ አፉ አይይዘውም፣ ረጅም ቫልቭ ያለው ካላማዳሪ ግዙ። በባትሪ የምትሠራዋ ፓምፕ ትግላለች፤ ቱቦ ከሌላት ቫልቩንም ታሞቀዋለች። የጋዝ ጥይቷ፣ ጎማ በአንዴ የምትሞላው 16 ግራሟ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቆርቆሮ፣ ለውድድር ፈጣን ናት። ግን ጋዙ ካላማዳሪውን አልፎ ከአየር ቶሎ ይወጣል፣ ቤት ስትገቡ አስተንፍሳችሁ በአየር ንፉት። ስትጠቀሙም በባዶ እጅ አትያዟት፣ በረዶ ሆና ቆዳ ትይዛለች። እሷን ብቻ ይዞ አምባ ጊዮርጊስን የሚያልፍ ሰው ሁለተኛ ሲተነፍስበት ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።

ሱቅ ውስጥ ስትገዙ ሻጩ ቢቆጣም አፏን በጣት ደፍናችሁ ግፉ፣ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ቀስ እያለች ከገባች መልሷት። ጎሚኒዋ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ።

ምልክት፦ ቱቦው የለም

ያ ልጅ በኋላ ቱቦ ያላት ፓምፕ ገዛ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ቱቦዋ መያዣዋ ውስጥ ትደበቃለች። ባለፈው ሰሞን ብስክሌቱን እየገፋ መጣ፣ የኋላው ጎማ ድፍጥጥ ብሏል።

"ፓምፗስ?"

"አለች ጋሼ።"

"ታዲያ?"

"ቱቦዋ ቤት ቀርታ።"

ለማጠብ አውጥቷት ነበር። መስኮት ላይ እየደረቀች ነው።