ላምበረት ሲወርዱ ሻንጣዎን አደራ ሰጥተው የካን በእግር ለማየት

ከደብረ ብርሃን ወይም ከደሴ የመጣው አውቶቡስ ጠዋት አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ አወረደዎት እንበል። የሚቀበልዎት ዘመድ ከሥራ የሚወጣው ማታ 12 ሰዓት ነው። እስከዚያ ያለው ቀን የእርስዎ ነው፤ ሻንጣ እየጎተቱ ግን የትም አይደርሱም። ታክሲ ውስጥ ዕቃው የሰው ቦታ ከያዘ የሰው ሂሳብ ይጠየቁበታል፣ የየካን ዳገት ደግሞ በባዶ እጅም ቢሆን ትንፋሽ ያሳጥራል።

ከመናኸሪያው ሳይወጡ ጥግ ይዘው ዕቃዎን ለሁለት ይክፈሉ። መታወቂያ፣ ገንዘብ፣ ስልክ፣ መድኃኒት፣ ለጉዳይ የመጡበት ዋና ሰነድ ካለም እሱ በትንሽ ቦርሳ ከእርስዎ ጋር ይሂድ። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ካሰቡ ነጠላዎን አይርሱ። ሌላው ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ ዚፑም ይቆለፍ።

ከአገር ቤት ቅቤና ማር ይዘው ከሆነ ትንሽ ይቆዩ። ቅቤ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ በክዳኑ ይወጣል፤ ልብስ ውስጥ ከገባ ሽታው በአንድ እጥበት አይለቅም። ጣሳውን በፌስታል ደራርበው ይጠቅልሉ፣ አፉን በሲባጎ ጥብቅ አድርገው ይሰሩ፣ ከሻንጣው ለይተው በካርቶን ያቁሙት። አደራ ሲሰጡም «ይሄ ቅቤ ነው፣ ጥላ ውስጥ ቁሞ ይቀመጥልኝ» ይበሉ።

የት ይተዉት? የዘመድ ወይም የአገር ልጅ ሱቅ በአቅራቢያው ካለ ከዚያ የሚሻል የለም። ከሌለ ማታ የሚያድሩበትን ፔንሲዮን አሁኑኑ ይያዙ፤ ክፍሉ ገና ባይለቀቅም ደንበኛ ከሆኑ ዕቃዎን ተቀብለው ሊያቆዩልዎት ይችላሉ። መናኸሪያ በር ላይ «እኔ ልጠብቅልዎ» ለሚል ለማያውቁት ሰው ግን በፍጹም አይስጡ። እርስዎም የማያውቁትን ሰው ዕቃ አይቀበሉ።

አሁን ዋናው ነገር፣ አሰጣጡ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቃሊቲ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ሻንጣዬን ትቼ ወጣሁ። ስመለስ የተቀበለችኝ ልጅ ተራዋ አልቆ፣ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ በቦርሳዋ እንደያዘች ወደ ቤቷ ሄዳለች። ለቅሶ ልደርስ ነበር የመጣሁት፤ ነጠላዬ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ሰው ቤት ያለ ነጠላ ገባሁ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከዚያ ወዲህ ዕቃዬን ከማስረከቤ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው፦ «እህቴ፣ 10 ሰዓት ላይ ስመለስ ማንን ላግኝ? ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል?» የሚቀጥለው ተረኛ እዚያው ካለ ሦስታችን ቆመን እንነጋገራለን።

ቀጥሎ ወረቀት። ስምዎን፣ ስልክዎን፣ የዕቃውን ብዛትና የሚመለሱበትን ሰዓት በሁለት ብጣሽ ወረቀት ይጻፉ፤ አንዱን ከመያዣው ጋር ይሰሩ፣ አንዱን ከልብሱ በላይ ሻንጣው ውስጥ ያድርጉ። ዕቃዎቹን አንድ ላይ አስቀምጠው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ዋጋውን ያኔውኑ ይነጋገሩ፣ ደረሰኝ ካለ ይቀበሉ። ዘበኛው ልፈትሽ ካሉ ራስዎ ይክፈቱላቸው፤ «አባቴ፣ ሁለት ሻንጣ አንድ ካርቶን ነው፣ አደራ» ብለው ፊታቸው ይቁጠሩ። አደራ የተባለ ሰው ዓይኑ ከዕቃው አይነሳም፣ ግን ስንት እንደተቀበለ ማወቅ አለበት።

አሁን እጅዎ ነፃ ነው። የካ ተራራ ላይ ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ወደዚያ ለመውጣት መንገዱን የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ፣ ጫካ ስላለ ብቻዎን አይውጡ፣ በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል። እንጦጦን ከመረጡ በሽሮ ሜዳ በኩል ወጥተው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን እንጦጦ ማርያምን መሳለም ይችላሉ። ሁለቱን በአንድ ቀን አያጣምሩ።

መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ከ11 ሰዓት በኋላ ይረዝማል፤ ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ዕቃዎ ዘንድ ይድረሱ። ሲረከቡ በፎቶው ይቁጠሩ፣ ሻንጣውን እዚያው ከፍተው ይዩ፣ የቅቤውን ጣሳ ታች በእጅዎ ይዳስሱ። ካልረጠበ ደህና ቆሟል።