የፕሮስቴት ካንሰር ሲገኝብዎ ሕክምናዎን ሳይጣደፉ እንዴት ይመርጣሉ?

«ካንሰር» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ዛሬውኑ ይውጣልኝ» ነው። አይፈረድበትም። ግን የፕሮስቴት (ከወንድ የሽንት ፊኛ ሥር ያለው እጢ) ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው። ከፕሮስቴቱ አልፎ ካልሄደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለማሰብ ሳምንታት አሉዎት። ሐኪምዎ «ይሄ አይቆይም» ካሉ ግን ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ የውጤት ወረቀትዎን ኮፒ ይውሰዱ። ሦስት ነገር ይፈልጉበት፦ ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ቁጥር፣ ካንሰሩ የት ድረስ እንደደረሰ የሚያሳየውን ደረጃ፣ እና የግሊሰን ውጤትን። ግሊሰን ከባዮፕሲው፣ ማለትም ከፕሮስቴቱ በመርፌ ከተወሰደው ናሙና የሚወጣ የሁለት ቁጥሮች ድምር ነው፤ 6 ዝግተኛው ሲሆን 10 ኃይለኛው ነው። 7 ላይ ይጠንቀቁ። 3+4 እና 4+3 ድምራቸው እኩል ቢሆንም ሁለተኛው ይከፋል፤ ምክንያቱም ቀድሞ የሚጻፈው ቁጥር በናሙናው ውስጥ የበዛውን ዓይነት ነው የሚያመለክተው። ከተቻለ ናሙናውን ሌላ የፓቶሎጂ ባለሙያም (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ይየው። ማንም ሐኪም በዚህ ሊቀየም አይገባም።

ቀጥሎ ቢያንስ ሁለት ሐኪም ያነጋግሩ፤ አንዱ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ፣ ሌላው የጨረር ሕክምና የሚሰጥ። ሰው የሚያውቀውን ሥራ ማመኑ ያለ ነው። ለሁለቱም «እኔን የመሰለ ሰው አሁን ባይታከም ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ያቅርቡ። ባለቤትዎን ወይም ልጅዎን ይዘው ይሂዱ። በድንጋጤ ውስጥ ግማሹ አይሰማም።

አሁን ምርጫው ላይ ደረስን። በእንግሊዝ 1,643 ወንዶች ለክትትል (ወዲያው ሳይታከሙ በምርመራ መጠበቅ)፣ ለቀዶ ሕክምና እና ለጨረር በዕጣ ተመድበው ነበር። ሁሉም ካንሰሩ ገና ፕሮስቴታቸው ውስጥ ሳለ በፒኤስኤ የተገኘባቸው ናቸው። ከ15 ዓመት በኋላ በሦስቱም ቡድን ከ100ው 97 ያህሉ በዚህ ካንሰር አልሞቱም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፦ በክትትሉ ቡድን ካንሰሩ የተሰራጨባቸው ከ100ው 9 ያህል ሲሆኑ፣ በሌሎቹ 5 ያህል ናቸው። ስለዚህ ካንሰርዎ እንዲህ ያለ ከሆነ ጥያቄው «የትኛው ያድነኛል?» ብቻ አይደለም። «ከየትኛው ጣጣ ጋር መኖር እችላለሁ?» ጭምር ነው።

ቀዶ ሕክምና ከሆነ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ይኖራል። ከዚያ ሽንት ያመልጣል። ለብዙዎች በወራት ውስጥ ይሻሻላል፤ የማይተዋቸውም አሉ። ሽንት ለመግታት የሚቋጥሩትን ጡንቻ ማሠራት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጀምሩ። የወንድ ብልት መቆምም ሊደክም ይችላል፤ የዘር ፈሳሽም ከዚያ ወዲያ አይኖርም። ልጅ የሚፈልጉ ከሆነ ዘር ስለማስቀመጥ ቀድመው ይጠይቁ። ብዙ ወንድ ይህን ለመጠየቅ ያፍራል፣ በኋላ ግን የሚቆጨው ይኼው ነው። የጨረሩ ጣጣ ደግሞ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት፣ ሰገራ ማጣደፍና አንዳንዴ ደም መታየት ነው። ወሲብም ላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ።

ክትትል ከመረጡ «ተውኩት» ማለት አይደለም። ፒኤስኤ በየጊዜው ይለካል፣ ኤምአርአይ ይነሳሉ፣ ባዮፕሲም ይደገማል። ቀጠሮ የሚረሳ ሰው ባይመርጠው ይሻላል።

ካንሰሩ ከተሰራጨ፣ ወይም ኃይለኛ ሆኖ ከጨረር ጋር ካስፈለገ፣ ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን የሚቀንስ የሆርሞን ሕክምና ይመጣል። ድንገተኛ ሙቀት፣ ድካም፣ የአጥንት መሳሳት፣ የጡንቻ መቅለጥ፣ የስሜት መለዋወጥ ያስከትላል። ክብደት ማንሳትና በእግር መሄድ በእርግጥ ይረዳል። ለቤተሰብዎም ቀድመው ይንገሩ፤ ጠባይዎ የተቀየረ ሲመስላቸው ምክንያቱን ይወቁት።

ከሕክምና በኋላ የፒኤስኤ ቁጥርዎን ከጓደኛዎ ጋር አያወዳድሩ። ፕሮስቴቱ ከወጣ ፒኤስኤ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በጨረር ግን የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው።

ካንሰሩ አጥንት ላይ ከደረሰ አንድ ነገር ያስታውሱ፦ አዲስ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ጋር ከመጣ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።