ከሐይቅ የሚነሣን ከባድ በረዶ አስቀድሞ ለማወቅ

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዳርቻ የሚጥለውን ከባድ በረዶ ለመተንበይ በቅድሚያ የሚመረመረው የሙቀት ልዩነት ነው። ውሃ በሞቃቶቹ ወራት ያጠራቀመውን ሙቀት ቶሎ ስለማይለቅ፣ ከካናዳ የሚወርደው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር በሐይቁ ላይ ሲያልፍ ከሥሩ እየሞቀና ተን እየጠጣ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከፍ ሲል ደግሞ መልሶ ስለሚቀዘቅዝ ተኑ ደመና፣ ደመናውም በረዶ ይሆናል። ስለዚህ የሐይቁን ገጽ ሙቀት በ1.5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ሙቀት ጋር ያነጻጽሩ። አየሩ ቢያንስ በ13 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀዘቅዝ ከሆነ አንዱ ዋና ሁኔታ ተሟልቷል።

ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ በረዶው የት እንደሚወርድ የሚወስነው ግን የነፋሱ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ ሊጠና የሚገባው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከታላላቆቹ ሐይቆች አንዱ የሆነው ኢሪ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 388 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ነፋሱ ይህን ርዝመት ተከትሎ ሲነፍስ አየሩ ብዙ እርጥበት ስለሚሰበስብ፣ አንድ ጠባብና ብርቱ የደመና መስመር ተሠርቶ በሐይቁ ምሥራቃዊ ጫፍ ባለችው ቡፋሎ ከተማ አካባቢ ያርፋል፤ ሐይቁን በወርዱ ሲያቋርጥ ግን ቀለል ያሉ በርካታ መስመሮች ይፈጠራሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ከቡፋሎ በስተደቡብ ከ1.5 ሜትር በላይ በረዶ ሲከመር፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ሰሜን የወረደው በጣም ጥቂት ነበር። የነፋሱ አቅጣጫ በትንሹ ቢዞር መስመሩ ወደ ሌላ መንደር ይሻገራል፤ በመሬት አቅራቢያና በከፍታ ያሉት ነፋሳት አቅጣጫቸው ከ30 ዲግሪ በላይ ሲለያይ ደግሞ የደመናው መስመር ይዳከማል።

በሳተላይት ምስል ላይ ነፋሱ በሚመጣበት ዳርቻ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከዚያም ወዲያ ነፋሱን ተከትለው የተሰለፉ ነጫጭ የደመና መስመሮች ከታዩ ሂደቱ ጀምሯል። ከሐይቁ ማዶ ከፍታ ያለው መሬት ካለ አየሩን ይበልጥ ስለሚያነሣው፣ ከኦንታሪዮ ሐይቅ በስተምሥራቅ እንዳለው ተግ ሂል ባሉ ቦታዎች ትንበያዎን ከፍ ያድርጉ።

ቅዝቃዜው እየቆየ ሲሄድ የሐይቁን የበረዶ ሽፋን ካርታ መመልከት አይዘንጉ። ኢሪ ጥልቀቱ በአማካይ 19 ሜትር ብቻ በመሆኑ ገጹ ቶሎ በረዶ ሆኖ ይረጋል፤ ያን ጊዜ ትነቱ ስለሚታገድ የሚያመጣው በረዶም በእጅጉ ይቀንሳል። ጥልቁ ኦንታሪዮ ግን ሙሉ በሙሉ የሚረጋው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ በእርሱ ዳርቻ ክትትሉ እስከ ቅዝቃዜው ማብቂያ መቀጠል አለበት።