ሽንት ቤት ላይ ለተጋገረ እድፍ

የሽንት ቤት መቀመጫው ውስጥ፣ ውሃው የሚቆምበት ጋ፣ ቀለበት ሠርቶ አልለቅ ያለ እድፍ አለ? በረኪና አታባክኑ። እሱ ከውሃው የሚቀር ኖራ ነው፤ በረኪና ያነጣዋል እንጂ አያሟሟውም። የሚያሟሟው አሲድ ነው። አቼቶ ይበቃል።

ማታ የውሃውን ቧንቧ ዝጉና አንድ ባልዲ ውሃ ባንዴ ድፉበት፤ ውስጥ የቆመው ውሃ ዝቅ ይላል። ይህን ከዘለላችሁ አቼቶው ይቀጥንና ልፋት ብቻ ነው። ከዚያ ሶፍት በአቼቶ አርሳችሁ እድፉ ላይ ለጥፉ። ጠዋት ሶፍቱን አንስታችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉና በብሩሽ ፈትጉ። የእኔ የቆየ ስለነበር ሁለት ሌሊት ፈጀ።

አደራ፣ በረኪና የነካውን በደንብ ሳታጥቡ አቼቶ እንዳትጨምሩ! ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።