ያነባል ወይስ ያዜማል? ለሐዋሳ ትምህርት ቤቶች የንባብ ፕሮግራም አጀማመር

የንባብ ፕሮግራም ሲታቀድ ቀድሞ የሚነሳው የመጽሐፍ ኅትመትና ሥልጠና ነው። ከሁሉ በፊት ግን እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ሲያነብ ይሰማ። ስልሳ ተማሪ በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ» ሲል ክፍሉ በሙሉ ያነበበ ይመስላል፤ ኋላ ወንበር ያለው ግን የጓደኛውን አፍ እየተከተለ ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ለምዘናው ሦስት ወረቀት ይበቃል፦ በየመስመሩ 10 ሆነው የተደባለቁ 100 ፊደላት፣ 50 ቃላት፣ 60 ቃል ያህል ያለው ታሪክ። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ በስልክ ይያዝ። ልጁ አንድ ፊደል ላይ 3 ሰከንድ ከቆመ ወደሚቀጥለው አሳልፉት። የተሳሳተውን ሰርዙ፣ ደቂቃው ሲያልቅ የደረሰበት ላይ ቅንፍ አድርጉ፤ ካነበበው ላይ ስህተቱ ሲቀነስ ውጤቱ ይገኛል። የመጀመሪያው መስመር በሙሉ ከተሳተ አቁሙ፤ ልጅ ማሳቀቅ የሚጨምረው መረጃ የለም። በአንድ ክፍለ ጊዜ 10 ልጅ ቢሰማ ስልሳው በ6 ቀን ያልቃል።

ፊደሉ የሚደባለቅበትን ምክንያት የኔታዎች ድሮ ያውቁታል። ሀሁን በዜማ የጨረሰውን ልጅ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚያስብሉት ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ ፊደል የለየውና በቃሉ የያዘው ስለሚታወቅ ነው።

ሐዋሳ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) በላቲን ፊደል፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋሉ። አማርኛ ላይ የተንተባተበውን ልጅ «አያነብም» ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት በሲዳሙ አፎም ስሙት። እዚያ ካነበበ የቀረው ፊደሉን መልመድ ነው፤ ከዜሮ ከሚጀምረው ጋር አይቀመጥም።

ቀጥሎ ድልድል። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉትን በሳምንት አራት ቀን፣ በተመሳሳይ 40 ደቂቃ፣ በክፍል ሳይሆን በደረጃ መድቡ፦ ፊደል፣ ቃል፣ ዓረፍተ ነገር፣ ታሪክ። ሰዓቱ በትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ላይ ካልተጻፈ በሁለተኛው ሳምንት ሒሳብ ይበላዋል። በፈረቃ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ለየፈረቃው ለብቻ ይደልድሉ።

የፊደል ቡድኑ 231ዱንም በተርታ አይጀምር። ላ፣ ም፣ በ፣ ማ ብቻ ይዞ «ላም»፣ «በላ»፣ «ማማ» ይነበባል፤ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ቃል አንብቦ ይወጣል። ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ነ እና ኘ በአንድ ሳምንት አይግቡ፤ አንዱ ሳይጸና ሌላው ሲመጣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሳልስና ሐምስም ያደናግራሉ። «ቢ» እግሯ ላይ ጭረት፣ «ቤ» ቀለበት እንዳላቸው በጣት አስነኩ እንጂ «ልዩነቱን እዩ» ማለት ብቻ አይበቃም።

ብዙ መምህር የሚዘለው ጥብቀትን ነው። ፊደላችን አያሳየውም። «አሞራ ገደል ዓሣ አለ» (አሞራ ገደል ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ ቦታ ነው) እና «ዓሣ አጥማጁ መጣሁ አለ» ላይ «አለ» አንድ ዓይነት ተጽፎ ሁለት ዓይነት ይነበባል፤ በመጀመሪያው ለ ይጠብቃል፣ በሁለተኛው ይላላል። በሲዳሙ አፎ የሚጠብቀው ድምፅ በድርብ ፊደል ስለሚጻፍ እዚያ የጀመረ ልጅ ምልክቱን ይፈልጋል፣ ያጣዋል። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ ይለማመዱ። በቃላት ወረቀቱ ላይ ለብቻቸው ከመጡ አጥብቆም አላልቶም ያነበበ ትክክል ነው።

መምህሩ አንብቦ ተማሪው የሚደግመው ታሪክ በሦስተኛው ቀን በቃል ይያዛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሥዕሉን በእጅ ሸፍኑ፣ ከመሀል አንድ ቃል ላይ ጣት አድርጉና «ይህ ምን ይላል?» በሉ። ከመስመሩ መጀመሪያ እያንበለበለ ወደ ቃሉ ከመጣ ገና አላነበበም።

ሱፐርቫይዘሩ በየ6 ሳምንቱ ሲመጣ የትምህርት ዕቅዱን ትቶ ከስም መጥሪያው በዘፈቀደ 5 ልጅ ይጥራ። መምህሩ ከመረጠለት ጎበዞቹን ብቻ ይሰማል። ታሪኩም አዲስ ይሁን፤ ያለፈው ጽሑፍ በጉድኝት ማዕከሉ (በአንድ ላይ በተቧደኑት አጎራባች) ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዳርሷል ብሎ ማሰብ ይሻላል። ውጤቱ ከመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ጋር አይያያዝ። የተያያዘ ዕለት ቁጥሩ ያድጋል፣ ንባቡ ባለበት ይቀራል።