ያገለገለ ፒክአፕ ሲገዙና ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒክአፕ ሠርቶ አደር መኪና ነው። የቤት መኪና ሰው ይዞ ሲመላለስ ይከርማል። ፒክአፕ ግን ሲሚንቶ ተሸክሟል፣ ተጎታች ስቧል፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። ስለዚህ ያገለገለ ፒክአፕ ፊት ሲቆሙ ዋናው ጥያቄ «ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይሆን «ምን ሲሠራ ኖረ?» ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ስሙን አምኖ መኪናውን አለማየት

«ሃይሉክስ አይደል እንዴ? ምን ይሆናል!» ይባላል። ሃይሉክስ ያንን ስም ያተረፈው በከንቱ አይደለም። የኢሱዙ ዲማክስም እንደዚያው። ነገር ግን ስሙ የሞዴሉ ነው፤ ፊትዎ የቆመው መኪና የራሱ ታሪክ አለው። እንዲያውም ጠንካራ የሚባል መኪና የባሰ ችላ ይባላል። የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ቢያልፍም ይሄዳል፣ ከልኩ በላይ ቢጫንም ይሄዳል። ባለቤቱም «ምንም አይለውም» እያለ ይቀጥላል። ዕዳው የሚወርደው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ገዢ ላይ ነው።

ስመ ጥር መኪናም የታወቀ ሕመም አለው። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ በሸጣቸው ታኮማ ፒክአፖች ሻንሲ (መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም) ላይ የወጣው ዝገት ብዙ ባለቤቶችን ለክስ አነሳስቷል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዳዩን በስምምነት ለመጨረስ ሲወስን፣ ወጪው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በተሠሩ የኒሳን ፍሮንቲየር ፒክአፖች ላይ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ማቀዝቀዣ ይቀደድና የራዲያተር ውኃ አውቶማቲክ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። ያኔ ካምቢዮው አለቀ ማለት ነው። መኪናውን ለማየት ከመሄድዎ በፊት ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ስያሜና የተሠራበትን ዓመት ይጠይቁ። ሕመሙ የሚታወቀው በእነዚህ ነው።

ኪሎ ሜትሩን ብቻ ማንበብ

ኪሎ ሜትር ማስቀነስ ቀላል ሥራ ሆኗል። ስለዚህ ቁጥሩን ከሌላው ነገር ጋር ያስተያዩት። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ መሪው ከተላጠ፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ከተቀደደ፣ በሩ ሲከፈት ከወረደ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው 80,000 ኪሎ ሜትር ሊታመን አይገባም።

ቁጥሩ እውነት ቢሆንም ሁሉን አይናገርም። ግንባታ ቦታ የሚውል ፒክአፕ ሞተሩ በርቶ ለሰዓታት ይቆማል፤ ሞተሩ ይሠራል፣ ኪሎ ሜትሩ ግን አይቆጥርም። እኔ ብመርጥ በዋና መንገድ ላይ 200,000 ኪሎ ሜትር የሄደና የአገልግሎት ደብተሩ የተሟላለትን እወስዳለሁ እንጂ፣ አቧራ ውስጥ ጭነት ሲያመላልስ 90,000 የደረሰውን አልወስድም።

ከላይ አይቶ ከታች አለመተኛት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎ።

አብዛኛው ፒክአፕ ጋቢናውም ካሶኒውም (የጭነት ሳጥኑም) የሚቀመጡት ሻንሲ ላይ ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፣ ቀለም ይቀባል። ሻንሲ ግን ከበሰበሰ ወይም ከተጣመመ መኪናው በቃ። ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ቀለሙን፣ ወንበሩንና ጎማውን ነው።

ምንጣፍ ነገር አንጥፈው ከሥር ይግቡ። መብራት ይያዙ፤ ትንሽ መዶሻም ቢኖር ጥሩ ነው። ጤነኛ ብረት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው፣ ቅርፊትም ይረግፋል። በተለይ የሚታዩት ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ ከኋላ አክሰል በላይ ሻንሲው ወደ ላይ የሚታጠፍበት፣ ባሌስትራው (የኋላው የብረት ስፕሪንግ) የሚንጠለጠልባቸው ጆሮዎች፣ ከጋቢናው ጀርባ ያለው ክፍል። ጭቃ ሻንሲው ውስጥ ገብቶ ይጠራቀምና እርጥበት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ዝገቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ብረቱ ደህና ይመስላል። በባሕር ዳርቻ የኖረ ወይም ለበረዶ ጨው በሚነሰነስበት መንገድ የሮጠ መኪና ከሆነ ምርመራው እጥፍ ይሁን።

ከሥር አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ካገኙ ይጠርጥሩ። ቀለም መቀባት በራሱ ጥፋት አይደለም። ግን ሌላው ሁሉ አርጅቶ ሻንሲው ብቻ ቢያብረቀርቅ ምን እንደተሸፈነ መጠየቅ አለበት። የብየዳ ምልክትም እንደዚሁ።

ከዚያ ተነሥተው ከጎን ይቁሙ። በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ይዩት። እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጫፍ ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ፣ ሻንሲው በጭነት ጎብጧል ወይም ተጋጭቷል፤ ካልሆነም የካሶኒው ማሠሪያ ተበላሽቷል። በመጨረሻም የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። የተፋቀ ወይም የተበየደ ቁጥር ካለ ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፤ ትተውት ይሂዱ።

የሞቀ ሞተር መስማት

ሻጩ መኪናውን አስነስቶ፣ አሙቆ ቢጠብቅዎ ደግነት ሊመስል ይችላል። የናፍታ ሞተር ሚስጥሩን የሚያወጣው ግን ጠዋት፣ ቀዝቅዞ አድሮ ገና ሲነሳ ነው። በቀዝቃዛው ሲነሳ የሚያንኳኳ፣ ነጭ ጭስ የሚለቅ፣ ብዙ ካልተሽከረከረ የማይነሳ ሞተር ከሞቀ በኋላ ሁሉንም ይደብቃል። ስለዚህ ቀጠሮው ጠዋት ይሁን። ሲደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅ ይንኩት፤ ከሞቀ ሌላ ቀን ይመለሱ።

በቶዮታ 1ኬዲ ሞተር፣ ማለትም ባለ 3.0 ሊትሩ ናፍታ፣ ይህ ምርመራ በተለይ ያስፈልጋል። የኖዝሎቹ (ናፍታውን የሚረጩት) የመዳብ ሮንዴላዎች (ማሸጊያ ቀለበቶች) ሲያረጁ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ሞተር ዘይቱ ያመልጣል። ዘይቱ ጥቀርሻ ይሠራል። ጥቀርሻው የዘይት ፖምፓውን ወንፊት ይዘጋል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይበላሻል። በትንሽ ሮንዴላ የተጀመረ ነገር ሙሉ ሞተር ይዞ ይሄዳል። የኖዝሎቹ ሮንዴላዎች ተቀይረው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልተቀየሩ ከግዢው በኋላ ቅድሚያ ይስጧቸው።

የታይሚንግ ቺንጋውን «ተቀይሯል» ሲባል ማመን

1ኬዲም ሆነ 2.5 ሊትሩ 2ኬዲ ታይሚንጉ፣ ማለትም የቫልቮቹና የፒስተኖቹ መናበብ፣ የሚነዳው በቺንጋ (ቀበቶ) ነው። ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት ጊዜው ሲደርስ ይበራል። መብራቱን ማጥፋት ግን ቺንጋውን መቀየር አይደለም፤ ማንም ሰው በጥቂት ደቂቃ ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የመጡት የቶዮታ ጂዲ ሞተሮች ግን ታይሚንጋቸው በቼን (ሰንሰለት) ነው።

የሚትሱቢሺ ኤል200 4ዲ56 ሞተር ሁለት ቺንጋ አለው። አንዱ ታይሚንጉን ይነዳል፣ ትንሹ ደግሞ የባላንስ ሻፍቱን (ንዝረት የሚቀንሰውን ዘንግ)። ትንሹ ሲበጠስ ቁርጥራጩ ወደ ትልቁ ይገባና ያንንም ያበላሸዋል። መካኒኩ ትልቁን ብቻ ቀይሮ ከሆነ ሥራው አላለቀም።

ቼን ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም። በኒሳን ናቫራ ዲ40 ባለ 2.5 ሊትር ናፍታ ሞተር ላይ ቼኑ ተስቦ መበጠሱ የታወቀ ችግር ነው። ሲነሳ ከፊት በኩል የብረት መንሿሿት ካለ አይለፉት። በእነዚህ ሞተሮች ቺንጋው ወይም ቼኑ ሲበጠስ ፒስተኖቹ ቫልቮቹን ያገኟቸዋል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይከፈታል፣ ወጪውም የቺንጋ ወጪ መሆኑ ይቀራል። ደረሰኝ ካልታየ አልተቀየረም ብለው ይቁጠሩት። ቺንጋውን ሲያስቀይሩ መወጠሪያውንና የውኃ ፖምፓውን አብረው ያስቀይሩ።

የሞተር ዘይት ቀይሮ ሌሎቹን መርሳት

ባለ አራት ጎማ ነጂ ፒክአፕ ከሞተሩ ሌላ ካምቢዮ፣ ትራንስፈር ኬዝ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው)፣ የፊት ዲፈረንሻልና የኋላ ዲፈረንሻል (ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍሉት) አለው። ሁሉም የየራሳቸው ዘይት አላቸው። ብዙ ሰው ለዓመታት አይነካቸውም። ወንዝ የተሻገረ መኪና ከሆነ የዲፈረንሻሉን ዘይት አስከፍተው ይዩት፤ የሞቀው ዲፈረንሻል ውኃ ውስጥ ገብቶ ድንገት ሲቀዘቅዝ መተንፈሻው ከተዘጋ በማሸጊያው በኩል ውኃ ይስባል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ቶሎ ካልተቀየረ ኩሽኔታዎቹ (ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸው) ይበላሉ።

የናፍታ ፊልትሮም ይረሳል። የዛሬዎቹ ናፍታ ሞተሮች ነዳጁን የሚረጩት ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። በዚህ ግፊት ትንሽ ውኃ ወይም አቧራ ፖምፓውንም ኖዝሎቹንም ይጎዳል። ፊልትሮው ሥር የውኃ ማፍሰሻ አለ፤ እሱን መክፈት ልማድ ይሁንልዎ።

ፎርድ ሬንጀር ባለ 2.2 ወይም 3.2 ሊትር ለያዘ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዘይቱ ሲፈስ ረጅም ጊዜ ተከፍቶ መቆየት የለበትም፤ 10 ደቂቃ ያህል ነው የሚፈቀደው። ከዚያ ካለፈ ፖምፓው ዘይት መሳቡን ሊያጣና ሞተሩ ሲነሳ ያለ ዘይት ሊሽከረከር ይችላል። «ጥርግ ብሎ ይፍሰስ» ብሎ ለምሳ የሚሄድ መካኒክ ሞተር ሊያስገድል ይችላል።

አራት ጎማውን ያለ ቦታው መጠቀም፣ ወይም ጭራሽ አለመጠቀም

የብዙዎቹ ፒክአፖች አራት ጎማ መሃል ላይ ዲፈረንሻል የለውም። በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብተው ሲዞሩ የፊቱና የኋላው ጎማ እኩል አይሄዱም፣ ጉልበቱ መውጫ ያጣል። መሪው ይከብዳል፤ የሚጎዱት ትራንስፈር ኬዙና ክሮቸራው (የማስተላለፊያ ዘንጉ መገጣጠሚያ) ናቸው። አሸዋ፣ ጭቃ፣ ጠጠር ላይ ብቻ ያስገቡት።

ደግሞም ጨርሶ የማይገባ ከሆነ ይደርቃል። የቶዮታ መመሪያ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በአራት ጎማ መንዳት ይመክራል፤ ዘይት እንዲዳረስ። ሲገዙም ከባዱንም (4L) ቀላሉንም (4H) አራት ጎማ ጠጠር ላይ አስገብተው ይሞክሩ።

ባሌስትራ አስጨምሮ ጭነት መጨመር

ባሌስትራ ሲጨመር የኋላው አይወርድም፣ መኪናው የቻለ ይመስላል። ሻንሲው፣ አክሰሉ፣ የጎማ ኩሽኔታውና ፍሬኑ ግን የድሮዎቹ ናቸው። አብዛኛው መካከለኛ ፒክአፕ የመጫን አቅሙ 1 ቶን ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ ሰዎቹም ይቆጠራሉ። ደብል ጋቢና ላይ አምስት ትልልቅ ሰዎች ሲሳፈሩ 350 ኪሎ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ለካሶኒው የሚቀረውን ከዚያ ያስሉ። የበሩ ምሰሶ ላይ ወይም መመሪያው ውስጥ ያለውን የክብደት ልክ ይዩ። ጎማውም ነፋሱ በጭነቱ ልክ ይሁን።

ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለግዢው መጨረስ

ያገለገለ ፒክአፕ ገና እጅዎ እንደገባ ወጪ ይጠይቃል። ሁሉም ዘይቶች፣ ሁሉም ፊልትሮዎች፣ የራዲያተር ውኃው፣ የፍሬን ዘይቱ፣ ለክሮቸራዎቹ ግሪስ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ ካልተረፈ ዋጋው አልተስማማዎትም ማለት ነው፤ ዝቅ ያለ መኪና ይፈልጉ። ቢያጥር ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ መጀመሪያ ፍሬን፣ መሪና ጎማ። ቀጥሎ ደረሰኝ የሌለው ታይሚንግ ቺንጋ። ከዚያ የሞተር ዘይትና የናፍታ ፊልትሮ፣ ተከትሎ ካምቢዮና ዲፈረንሻል። ቀለም፣ ወንበር ልብስና ቴፕ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይደርሳሉ።