በሲኤስኤስ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥምቀት ሊደርስ ሲል ጎንደር ፒያሳ የሚሠራ አንድ አስጎብኚ ወዳጄ ደወለልኝ። «የድረ ገጼን ርዕሶች ከሰማያዊ ወደ ቡናማ ቀይርልኝ፤ የፋሲል ግንብን ድንጋይ ይምሰሉ» አለኝ። የአምስት ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ነበር። ስከፍተው ግን ገጾቹ 34 ናቸው፣ ቀለሙም በእያንዳንዱ ርዕስ ላይ ለየብቻው ተጽፏል። አንድ በአንድ ስለቅም አመሸሁ። በማግስቱ የባሕረ ጥምቀቱን ገጽ ሳየው ሁለት ርዕሶች አሁንም ሰማያዊ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፦ መልኩን በየታጉ (የገጹን ክፍሎች በሚለየው ምልክት) ውስጥ መጻፍ። ሲኤስኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን መልክ የምንወስንበት ቋንቋ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 መደበኛ ደረጃ ሆኖ ሲወጣ ዓላማው ጽሑፉን ከመልኩ መለየት ነበር። ጽሑፉ ኤችቲኤምኤሉ (የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ፋይል) ላይ ይቀመጣል፤ ቀለሙ፣ ፎንቱና ክፍተቱ ሌላ ፋይል ላይ። ያንን አንድ ፋይል ከሁሉም ገጾች ጋር ካገናኙ ቀለሙን አንድ መስመር ላይ ይቀይራሉ፣ 34ቱም ገጾች ይከተላሉ። ብራውዘሩም ፋይሉን አንዴ አውርዶ ስለሚያስቀምጠው ለሚቀጥለው ገጽ እንደገና አያወርደውም። ዳታ በካርድ ለሚገዛ ሰው ይህ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ፊደላችንን መርሳት ነው፤ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። አብዛኞቹ ዝግጁ ቴምፕሌቶች (የገጽ ንድፎች) ለላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው። የላቲን ትንንሽ ፊደሎች አጭር ስለሆኑ በመስመሮች መካከል አየር ይተዋሉ። የእኛ ፊደል ግን ከዳር እስከ ዳር ቁመቱ ረዘም ያለ ነው። ላይን ሃይቱን (የመስመሩን ቁመት) 1.2 ላይ ከተዉት ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተጻፈው አንቀጽ ተጨናንቆ ዓይን ያደክማል። እኔ 1.7 አደርገዋለሁ። የፎንቱንም ስም ይጥቀሱ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛል። ካልጠቀሱ ስልኩ ያለውን ይሰጣል፤ የአማርኛ ፎንት ከሌለው ደግሞ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ኢታሊክም አይጠቀሙ። ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያዘነብለዋል እንጂ አያምርም። አጽንዖት ሲፈልጉ ማድመቅ ይበቃል።

ስፋትን በፒክስል መቸንከርም ይቅር። 1200 ፒክስል ተብሎ የተወሰነ ገጽ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ስልኩን ለከፈተ እንግዳ ከፊሉ ብቻ ነው የሚታየው። ከፍተኛውን ስፋት ብቻ ይወስኑ፤ ለትንሽ ስክሪን የሚሆነውን በሚዲያ ኩዌሪ (እንደ ስክሪኑ ስፋት በሚሠራ ትእዛዝ) ያስተካክሉ።

አንድን ትእዛዝ ከሌሎቹ የምታስቀድመዋን ኢምፖርታንት (!important) የምትለዋንም ቃል አያብዙ። አንዷን ለማሸነፍ ሌላ ኢምፖርታንት ይጨምራሉ፣ መጨረሻ ላይ የትኛው ትእዛዝ እንደሚሠራ ይጠፋዎታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የወዳጄን ድረ ገጽ ወደ አንድ ፋይል ካዞርኩት በኋላ ቀለሙን ትንሽ አጠቆርኩት። እሱ ግን «ምንም አልተቀየረም» አለኝ። ስልኩ የድሮውን ፋይል ይዞ ነበር። ይህ ሲያጋጥምዎ የፋይሉን ስም ይቀይሩ፣ ገጾቹ ላይ ያለውን አገናኝም እንደዚሁ። ስሙ መጨረሻ ላይ 2 ቁጥር ስጨምርበት ወዲያው ታየው።